ለትንሽ ተፋላሚ ሮቦት ሞተር፣ የፍጥነት መቆጣጠሪያና ባትሪ አመራረጥ

ብዙ ሰው ተፋላሚ ሮቦት ለመሥራት ሲነሣ መጀመሪያ የሚገዛው የስለቱን ሞተር ነው። ስለቱ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር፣ ተጋጣሚውን እንዴት እንደሚወረውር ያስባል፤ ለጎማዎቹ የሚደርሰው የተረፈው ገንዘብና የተረፈው ክብደት ነው። እኔም የመጀመሪያዬን የሠራሁት እንዲሁ ነበር። ግጥሚያው ከተጀመረ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ የግራው ጎማ ማርሽ ተበላ፤ ሮቦቱ ስለቱን እያፏጨ ባለበት ይሽከረከር ጀመር፤ ዳኛው ቆጠረብኝ፤ አለቀ። መንቀሳቀስ ያቃተው ሮቦት ስለቱ ምንም ቢሆን ተሸናፊ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ከጎማ እነሣለሁ፤ ይህም መመሪያ ከዚያው ይነሣል። ስሌቱ በወረቀት ላይ ሳያልቅ አንድም ዕቃ አትግዙ።

ደረጃ 1፦ ክብደቱን አከፋፍሉ

የምትገቡበትን ውድድር ደንብ አንብቡና የተፈቀደውን ክብደት ጻፉ። በስሙ ብቻ አትመሩ፤ «አንትዌይት» በአሜሪካ 454 ግራም (1 ፓውንድ) ሲሆን በብሪታኒያ 150 ግራም ነው። «ቢትልዌይት» ደግሞ በአሜሪካ 1.36 ኪሎ፣ በብሪታኒያ 1.5 ኪሎ ነው።

ለምሳሌ የምወስደው 454 ግራም የሚመዝን፣ በሁለት ጎማ የሚሄድ፣ ፊቱ ላይ የሚሽከረከር ስለት ያለው ሮቦት ነው። ክብደቱን እንዲህ አከፋፍለዋለሁ፦ ሁለት የመንጃ ሞተሮች (ጎማዎቹን የሚያዞሩት) 20 ግራም፣ ጎማዎች 20፣ የመንጃ መቆጣጠሪያ (ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚመጥን ሰሌዳ) 10፣ የስለት ሞተር 28፣ የስለት መቆጣጠሪያ 8፣ ሪሲቨር (የሪሞቱን ምልክት የሚቀበል) 4፣ ባትሪ 30፣ ሽቦና ማብሪያ ማጥፊያ 20። ይህ 140 ግራም ነው። ስለቱና አክሰሉ 70 ይወስዳሉ። ለሻሲ፣ ለመከላከያና ለብሎን 244 ግራም ይቀራል፤ ከእሱ ላይ 15 ግራም ሳትነኩ አስቀምጡ። ማጣበቂያ፣ ናስትሮና ትርፍ ሽቦ ሳይታወቅ የሚከማች ክብደት ነው።

ደረጃ 2፦ ፍጥነቱን ከጎማው አስሉ

በዚህ ክብደት የሚጋጠሙበት ሜዳ ጠባብ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሁለት ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ። በሰከንድ 2 ሜትር የሚሄድ ሮቦት በአንድ ሰከንድ ከዳር ዳር ይደርሳል። ለጀማሪ እጅ ከዚህ በላይ መሄድ ግድግዳ መምታት ነው።

ስሌቱ ይኸው። ከዳር እስከ ዳር 40 ሚሊ ሜትር ስፋት (ዲያሜትር) ያለው ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 12.6 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። በትንንሽ ሮቦቶች በብዛት የሚሠራበት «ኤን 20» የሚባለው ባለ ማርሽ ሞተር ነው፤ አንዱ 10 ግራም ገደማ ይመዝናል። ላዩ ላይ «6 ቮልት፣ 1000 ዙር በደቂቃ» ቢል በባትሪያችን 7.4 ቮልት 1233 ዙር ይደርሳል፤ የባለ ካርቦን ሞተር (እንደ ኤን 20 ኤሌክትሪክ በካርቦን ብሩሽ የሚገባለት) ፍጥነት ከቮልቱ ጋር እኩል ይጨምራልና። ይህ በሰከንድ 20.5 ዙር፣ ማለትም 2.6 ሜትር ነው። ሸክም ሲኖርበት 80 በመቶውን ያዙ፤ 2 ሜትር በሰከንድ ይመጣል። የፈለግነው ይኸው ነው።

ውጤቱ ከበዛ ወይም ካነሰ ሞተር ከመቀየራችሁ በፊት የጎማውን ስፋት ቀይሩ። ጎማ ርካሽ ነው።

ደረጃ 3፦ ሞተሩ ከመቆሙ በፊት ጎማው ይንሸራተት

መንጃውን በሕይወት የሚያቆየው ይህ ደረጃ ነው። ሁለት ሮቦቶች ተገፋፍተው ሲቆሙ ከሁለት ነገር አንዱ ይሆናል፤ ወይ ጎማው መሬት ላይ ይንሸራተታል፣ ወይ ሞተሩ ተይዞ ይቆማል። ተይዞ የቆመ ሞተር የገባበትን ኤሌክትሪክ ሁሉ ወደ ሙቀት ይቀይራል። ሽቦው ይቃጠላል፤ ሞተሩ ቢተርፍ መቆጣጠሪያው ይቃጠላል። ጎማው ቀድሞ ከተንሸራተተ ግን ከረንቱ ከገደብ አያልፍም። ጎማው ራሱ ፊውዝ ሆነ ማለት ነው።

454 ግራም ወደ 4.45 ኒውተን ይሆናል። ክብደቱ በሙሉ በሁለቱ ጎማዎች ላይ ነው እንበል፤ ጎማው ለስላሳ ከሆነ የክብደቱን 90 በመቶ ያህል ኃይል ይቆነጥጣል። ስለዚህ ለሁለቱ 4 ኒውተን፣ ለአንዱ 2 ኒውተን። የጎማው ግማሽ ስፋት 2 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ጎማውን ለማንሸራተት የሚያስፈልገው ቶርክ (የማዞር ኃይል) 40 ሚሊ ኒውተን ሜትር፣ ወይም ሻጮች እንደሚጽፉት 0.4 ኪሎ ግራም ሳንቲ ሜትር ነው። ሞተራችሁ ተይዞ ሲቆም የሚያወጣው ቶርክ ቢያንስ የዚህ እጥፍ ይሁን፤ 0.8። የባለ ካርቦን ሞተር ቶርክና ከረንት አብረው ስለሚወጡና ስለሚወርዱ፣ ጎማው ሲንሸራተት ሞተሩ የሚስበው ከሙሉው ከረንት ግማሹን ወይም ያነሰ ይሆናል።

ሻጩ የጻፈው ቶርክ «ከፍተኛ» ነው ወይስ «መደበኛ» ብላችሁ ጠይቁ። መደበኛው ቀኑን ሙሉ የሚሠራበት ነው፤ እኛ የምንፈልገው ተይዞ ሲቆም ያለውን ነው። ሁለቱን ማምታታት ሦስትና አራት እጥፍ ያሳስታል።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ አሰካክ። የእነዚህ ሞተሮች ማርሽ ሳጥን ፊት ላይ ያሉት የብሎን ቀዳዳዎች ጥልቀት የላቸውም። ረጅም ብሎን ካሰራችሁበት ጫፉ ማርሹ ላይ ይደርሳል፤ ሞተሩም አዲስ ሆኖ ሳለ ይያዛል። ብሎኑን ስታጠብቁ ሌላው እጃችሁ ጎማውን ይያዝና ያዙረው፤ መክበድ ሲጀምር ቁሙ። ጎማው ጠንካራ ፕላስቲክ ሳይሆን ስፖንጅ ወይም ለስላሳ ጎማ ቢሆን ምቱ አክሰሉ ላይ ሳይደርስ ይበርዳል።

ደረጃ 4፦ ተይዞ ሲቆም የሚስበውን ከረንት ለኩ

መቆጣጠሪያውን የሚመርጥላችሁ ይህ ቁጥር ነው። በሞተሩ ወረቀት ላይ ካለ ውሰዱት፤ ከሌለ ራሳችሁ ለኩት። የመልቲሜትሩን ኦም ብቻ አትመኑ፤ የመለኪያው ሽቦ ራሱ የኦም ክፍልፋይ ይጨምራል፣ ካርቦኑም እንደ ቆመበት ቦታ ይለዋወጣል።

ይልቅ አንድ ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ ውሰዱ። በአንድ መልቲሜትር ከረንቱን፣ በሌላ ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለውን ቮልት ያዙ። ጎማውን በጣታችሁ አጥብቃችሁ ይዛችሁ ድንጋዩን ለሁለት ሰከንድ ብቻ አገናኙ። 1.3 ቮልትና 0.45 አምፔር ካያችሁ፣ 1.3 ÷ 0.45 = 2.9 ኦም። ጎማውን ትንሽ አዙራችሁ ሦስት ጊዜ ድገሙና አነስተኛውን ኦም ውሰዱ። አሁን ሙሉ የተሞላውን ባትሪ ቮልት በእሱ አካፍሉ፤ 8.4 ÷ 2.9 = 2.9 አምፔር። ይህ የአንዱ ሞተር ከፍተኛ ከረንት ነው።

ደረጃ 5፦ የመንጃውን መቆጣጠሪያ ምረጡ

ባለ ካርቦን ሞተር ሁለት ሽቦ አለው፤ መቆጣጠሪያውም ለባለ ካርቦን የተሠራና ወደ ኋላም የሚነዳ መሆን አለበት። ለዚህ ክብደት ሁለቱንም ሞተር በአንድ ሰሌዳ የሚይዙ አሉ፤ ክብደትም ሽቦም ይቆጥባሉ።

መቆጣጠሪያው ላይ ሁለት የአምፔር ቁጥር ይጻፋል፤ ያለማቋረጥ የሚችለውና ለጥቂት ሰከንድ የሚችለው። የመጀመሪያው ከለካችሁት 2.9 ይብለጥ። ሁለተኛው ደግሞ የእጥፉን ያህል፣ ከ6 አምፔር በላይ ይሁን። እጥፍ ያልኩበት ምክንያት አለ። ሮቦቱ በሙሉ ፍጥነት እየሄደ በድንገት ወደ ኋላ ስትመልሱት፣ የሚዞረው ሞተር የሚያመነጨው ቮልት ከባትሪው ላይ ይደመራል፤ ለቅጽበትም ከረንቱ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። በግጥሚያ ላይ ደግሞ ይህን በየሰከንዱ ታደርጉታላችሁ።

ቮልቱንም ተመልከቱ። ባትሪ የሚሠራው ከሴሎች ነው፤ አንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ይሆናል። «እስከ ሁለት ሴል» የሚል መቆጣጠሪያ 8.4 ቮልት ይችላል፤ ሦስት ሴል ስታስገቡበት 12.6 ያገኘዋል፤ የዚያን ቀን ይሞታል።

ብሩሽ አልባ (ካርቦን የሌለው፣ ባለ ሦስት ሽቦ) ሞተር ለመንጃ የሚያውሉም ብዙ ናቸው፤ ለክብደቱ ጉልበቱ የበለጠ ነው። ችግሩ ከቆመበት ሲነሣ መንቀጥቀጡና መቆጣጠሪያውን በሁለት አቅጣጫ እንዲሠራ ማስተካከል መፈለጉ ነው። ለመጀመሪያ ሮቦት ባለ ካርቦኑን እመርጣለሁ።

ደረጃ 6፦ አሁን የስለቱ ሞተር

ለስለት ብሩሽ አልባ፣ ውጪው የሚዞር ሞተር ይመረጣል። ስሙ ላይ ያለው አራት አኃዝ መጠኑን ይናገራል፤ 2204 ማለት አብዛኛውን ጊዜ የውስጡ የተጠቀለለበት ብረት 22 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 4 ሚሊ ሜትር ቁመት አለው ማለት ነው። ሰፋ ያለው ሞተር ለስለት ይመቻል፤ ከቁመት ይልቅ ስፋት ቶርክ ይሰጣልና። «ኬቪ» የሚለው ቁጥር ሸክም ሳይኖርበት በአንድ ቮልት ስንት ዙር በደቂቃ እንደሚዞር ነው። 1500 ኬቪ በ7.4 ቮልት 11,100 ዙር ይሰጣል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ትልቁን ኬቪ ይፈልጋል። ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር አስሉ።

አንደኛው የሚያከማቸው ጉልበት ነው። ስለቱ 50 ግራም የሚመዝን፣ 100 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ብረት ቢሆን በ11,100 ዙር 28 ጁል ያህል ይይዛል፤ ጫፉ በሰከንድ 58 ሜትር ይሄዳል። ዙሩን እጥፍ ብታደርጉት ጉልበቱ አራት እጥፍ፣ 113 ጁል ይሆናል። ማራኪ ነው፤ ግን ሁለተኛውን ተመልከቱ።

ስለቱ የሚነክሰው በሁለት ምት መካከል ተጋጣሚው ወደ እናንተ የቀረበውን ያህል ብቻ ነው። በሰከንድ 2 ሜትር ስትቀራረቡ፣ ስለቱ በሰከንድ 185 ዙር በሁለት ጫፍ 370 ጊዜ ያልፋል። 2 ሜትርን ለ370 ስታካፍሉ 5.4 ሚሊ ሜትር ነው። ጫፉ ያን ያህል ጠልቆ ይይዛል፤ ያነሣል። ዙሩ እጥፍ ሲሆን 2.7 ሚሊ ሜትር ይቀራል፤ ስለቱ ላሜራውን እየፋቀ ብልጭታ ያወጣል እንጂ አይነክስም። ጭረት ብቻ ትቶ የተመለሰ ስለት ያየሁባቸው ግጥሚያዎች ብዙ ናቸው፤ ምክንያቱም ባብዛኛው ይኸው ነበር። በዚያ ላይ እንደ ጎማ ከላይ ወደ ታች የሚዞር ስለት ከመጠን በላይ ሲፈጥን ሮቦቱ በታጠፈ ቁጥር አንዱ ጎማ ከመሬት ይነሣል። ስለዚህ ለዚህ መጠን ከ1000 እስከ 2000 ኬቪ በሁለት ሴል በቂ ነው እላለሁ። የስለት ጫፍ ፍጥነት የሚገድብ ደንብ ያላቸው ውድድሮችም ስላሉ ቁጥሩን ቀድማችሁ አጣሩ።

ስለቱን በቀጥታ ሞተሩ ላይ ማሰር ቀላል ነው፤ ምቱን ሁሉ ግን የሞተሩ ኩሽኔታ ይቀበላል። በቺንጋ ማዞር ክብደትና ሥራ ይጨምራል፤ በምላሹ ስለቱ ሲጋጭ ቺንጋው ይንሸራተትና ሞተሩን ያድናል። ቦታ ካላችሁ ቺንጋውን ምረጡ።

ደረጃ 7፦ የስለቱ መቆጣጠሪያ

ለመንጃው የሠራንበት ስሌት እዚህ አይሠራም። የብሩሽ አልባ ሞተር ሽቦ ወፍራምና አጭር ነው፤ ኦሙ 0.1 ቢሆን ተይዞ ሲቆም ከ70 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። ለዚያ የሚበቃ መቆጣጠሪያ ትንሽ ሮቦት ውስጥ አይገባም። እኛ የምናስበው ስለቱ እየተነሣ ሳለ የሚስበውን ነው፤ ለምሳሌያችን 12 አምፔር ያህል። ባለ 20 አምፔር መቆጣጠሪያ ጥሩ ነው። የቀረውን የሚጠብቀው የናንተ አውራ ጣት ነው፤ ስለቱ ተጋጣሚው ላይ ተቀርቅሮ ሲቆም ወዲያው ልቀቁት። አንድ ሰከንድ ብትዘገዩ ጭስ ታያላችሁ።

ሪሲቨሩን በ5 ቮልት የሚመግበው አብዛኛውን ጊዜ ከመቆጣጠሪያዎቹ አንዱ ነው። ሁለቱም የሚመግቡ ከሆኑ የአንዱን ወደ ሪሲቨሩ የሚሄድ ቀይ ሽቦ ከሶኬቱ አውጥታችሁ በናስትሮ ጠቅልሉት። የሪሞቱ ምልክት ሲቋረጥ ስለቱ እንዲቆም ሪሲቨሩን ማስተካከልም የግድ ነው፤ ዳኞች ሪሞቱን አጥፍተው ይፈትሹታል።

ደረጃ 8፦ ባትሪ

ባትሪው መጨረሻ የሚመረጠው ከሱ በፊት ያሉት ሁሉ ምን እንደሚፈልጉ ሳይታወቅ መልስ ስለሌለው ነው። ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ በሴል 3.7 ቮልት ተብሎ ይጠራል፤ ሲሞላ 4.2 ነው፤ ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይበላሻል። ሁለት ሴል ስንል 7.4፣ ሲሞላ 8.4 ቮልት ማለታችን ነው።

መጀመሪያ መጠኑ። ግጥሚያው 3 ደቂቃ ነው እንበል። ሁለቱ የመንጃ ሞተሮች በአማካይ 1.6 አምፔር፣ ስለቱ በአማካይ 4፣ ሪሲቨሩ 0.1፤ ድምሩ 5.7 አምፔር። 3 ደቂቃ የሰዓት 0.05 ስለሆነ 285 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይፈጃል። ባትሪውን እስከ ታች ማሟጠጥ ስለማይገባ ለ0.8 አካፍሉት፤ 356 ይመጣል። ግጥሚያ ከስሌት ስለሚብስ 450 እገዛለሁ።

ቀጥሎ በአንዴ የሚሰጠው ከረንት። ሁለቱ ጎማዎች ሲንሸራተቱ 2.9 አምፔር፣ ስለቱ ሲነሣ 12፤ በድምሩ 15። ባትሪው ላይ «75 ሲ» ቢል የመጠኑን (450 ሚሊ፣ ማለትም 0.45) 75 እጥፍ ይሰጣል፣ 0.45 × 75 = 34 አምፔር ማለት ነው። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ የተጋነነ ስለሆነ ግማሹን፣ 17ን፣ ቁጠሩ። ለኛ ይበቃል። «25 ሲ» ቢል ግን ግማሹ 6 እንኳ አይሞላም፤ ስለቱ ሲነሣ ቮልቱ ይወድቃል፣ ሪሲቨሩ ይጠፋል፣ ሮቦቱ መሃል ሜዳ ይቆማል።

ሶኬቱ «ኤክስቲ 30» የሚባለው ይሁን፤ ትንሿ ቀይ ሶኬት ለ15 አምፔር አትሆንም፤ በምትም ትወልቃለች። ዋናው ሽቦ የሲሊኮን ሽፋን ያለው ይሁን። ባትሪውን ከስለቱ ራቅ አድርጋችሁ በስፖንጅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፤ አጠገቡ የብሎን ጫፍ እንዳይኖር። የተወጋ ሊፖ በእሳት ይያያዛል።

ቻርጅ የምታደርጉት የእያንዳንዱን ሴል ቮልት በሚያመጣጥን ቻርጀር፣ በ0.45 አምፔር፣ እሳት በማይዘው ቦታ፣ አጠገቡ ሆናችሁ ነው። ከግጥሚያ የወጣ ትኩስ ባትሪ እስኪበርድ ይቆይ። ለሳምንታት የማትጠቀሙበት ከሆነ በሴል 3.8 ቮልት ላይ አቆዩት። የተነፋ ባትሪ፣ የተነፋው ትንሽም ቢሆን፣ ዳግም አትጠቀሙበት።

ደረጃ 9፦ መጀመሪያ ስታበሩ

አንድ ጊዜ የባትሪውን ሶኬት ስበይድ ቀዩንና ጥቁሩን አቀያይሬ ሁለት መቆጣጠሪያ በአንድ ቅጽበት አቃጠልኩ። ከዚያ በኋላ አዲስ የተበየደ ሮቦት በቀጥታ ከባትሪ ጋር አገናኝቼ አላውቅም። በቀዩ ሽቦ መሃል ባለ 12 ቮልት የመኪና ፍሬቻ አምፖል አስገቡ። ሁሉም ደህና ከሆነ አምፖሉ ለቅጽበት ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ቦግ ብሎ ከበራ የሆነ ቦታ ሾርት አለ፤ አምፖሉ ከረንቱን ስለያዘው የሚቃጠል ነገር አይኖርም። ነቅላችሁ ፈልጉ።

ስለቱን ፈታችሁ፣ ጎማዎቹን ከመሬት አንሥታችሁ መንጃውን ሞክሩ። ስለቱን የምታስሩት በመጨረሻ ነው፤ የምታዞሩትም ወፍራም ፖሊካርቦኔት በተከለለ ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው። 28 ጁል የያዘ ብረት ከተፈታ የሚሄድበትን ማንም አይመርጥለትም።

ከዚያ 3 ደቂቃ ሙሉ ንዱት፤ ከግድግዳ ጋር ግፉት፣ ወደ ኋላ መልሱት፣ ስለቱን አሥር ጊዜ አስነሡት። ባትሪውን ንቀሉና የመንጃውን ሞተሮች በጣታችሁ ንኩ። ጣት የማያስቆይ ከሆነ ጎማው አልተንሸራተተም ማለት ነው፤ ጎማውን አሳንሱ ወይም ማርሹን አዘግዩ። ባትሪውን ስትሞሉ ቻርጀሩ ስንት ሚሊ አምፔር ሰዓት እንደመለሰ አንብቡ። 280 ካለ ስሌታችሁ ትክክል ነበር። ከ360 ካለፈ የሚቀጥለውን ባትሪ አንድ ደረጃ አሳድጉ። 150 ብቻ ከሆነ ደግሞ አነስ ያለ ባትሪ ገዝታችሁ የተረፈውን ግራም ለሻሲው ስጡት።

ቁጥሮቹን በሮቦቱ ክዳን ውስጥ በማርከር ጻፉ። ለግጥሚያው ቀን ሁለት ትርፍ የመንጃ ሞተር ሽቦ በይዳችሁ፣ ሶኬት ገጥማችሁ ያዙ፤ በሁለት ዙር መካከል ያለው ጊዜ ብሎን ለመፍታት እንጂ ለመበየድ አይበቃም።